በኪልኬኒ ላስተናገዱን ወይዘሮ ምስጋና፣ ለተጓዦችም ጥቆማ

ይህን ጽሑፍ የምጽፈው በጥንታዊቷ የአየርላንድ ከተማ በኪልኬኒ አነስተኛ የእንግዳ ማረፊያ ለሚያስተዳድሩ አንዲት ወይዘሮ በአደባባይ ምስጋና ለማቅረብ፣ እንዲሁም ወላጆቻቸውን ወይም ከሀገር ቤት የመጡ ዘመዶቻቸውን ይዘው ወደዚያ ለሚሄዱ ወገኖች የት ቢያርፉ እንደሚሻል ለመጠቆም ነው። ወይዘሮዋ ስማቸውና አድራሻቸው በይፋ እንዳይወጣ ስለጠየቁኝ እዚህ አላሰፍረውም። ሆኖም በውስጥ መስመር ለሚጠይቀኝ ሰው ስልካቸውን እንድሰጥ ፈቅደውልኛል።

ከአዲስ አበባ ልትጠይቀኝ የመጣችውን እናቴን ይዤ ከደብሊን ወደ ኪልኬኒ የሄድኩት በፍልሰታ ጾም ነበር። ከደብሊን ሂውስተን ጣቢያ በሚነሳው የዋተርፎርድ ባቡር ጉዞው አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ብቻ ስለሚወስድ፣ አብዛኛው ሰው ጠዋት ሄዶ ማታ ይመለሳል። በእኔ እምነት ግን ኪልኬኒ ማደርን የምትጠይቅ ከተማ ናት። ቀን ቀን ጠባብ መንገዶቿን የቱሪስት አውቶቡሶች ያመጧቸው ጎብኚዎች ያጨናንቋቸዋል። እነሱ ከሄዱ በኋላ ደግሞ በነሐሴ እስከ ምሽቱ ሦስት ሰዓት ገደማ ብርሃን ስለሚኖር፣ በዕድሜ የገፋ ሰው እንኳ ሳይጋፋና ሳይቸኩል ከካቴድራሉ እስከ ቤተ መንግሥቱ ድረስ በእግሩ እያረፈ መሄድ ይችላል።

ማረፊያ ስትመርጡ አንድ ነገር ልብ በሉ። ኪልኬኒ ከሠርግ በፊት ጓደኛሞች ተሰብስበው የሚጨፍሩባት ከተማ በመሆኗ፣ በተለይ ዓርብና ቅዳሜ ሌሊት ፓርላመንት ስትሪት እንዲሁም ከባቡር ጣቢያው ወደ መሀል ከተማ የሚወስደው ጆን ስትሪት እንቅልፍ የሚገኝባቸው አይደሉም። ከዚህ በፊት ብቻዬን ሄጄ በመሀል ከተማ ባረፍኩበት ሆቴል የሙዚቃው ድምፅ እስከ ሌሊቱ ስምንት ሰዓት ድረስ አልጋዬን ሲያንቀጠቅጠው ስላደረ፣ እናቴን ወደዚያ የመውሰድ ሐሳብ አልነበረኝም። በነሐሴ ደግሞ የኪልኬኒ የኪነ ጥበብ ፌስቲቫል ስለሚካሄድ ክፍሎች ቀድመው ይያዛሉ። የምመክረው ከቅዱስ ካኒስ ካቴድራል አካባቢ፣ አይሪሽታውን ከሚባለው ሰፈር ወይም ከዚያ ጥቂት ወጣ ብሎ ማደርን ነው፤ ጸጥ ያለ ነው፣ ወደ ሁሉም ቦታ በእግር ያስኬዳል። የወይዘሮዋም ቤት በዚሁ በኩል ይገኛል።

ክፍል ለመያዝ ስደውል እናቴ ጉልበቷን እንደሚያማትና ጾም ላይ እንደሆነች አስቀድሜ ነገርኳቸው። በአካባቢው ያሉ አሮጌ ቤቶች አሳንሰር የላቸውም፣ ደረጃቸውም ቀጥ ያለና ጠባብ ነው፤ ስለዚህ ምድር ቤት ያለውን ክፍል፣ ለሌላ እንግዳ ሊሰጡት አስበውት የነበረውን፣ ለእኛ አደረጉልን። የጾሙን ጉዳይ ግን እንዲህ በጥንቃቄ ይይዙታል ብዬ አልጠበቅሁም። ሥጋ፣ ወተት፣ ቅቤና እንቁላል እንደማትበላ ከነገርኳቸው በኋላ፣ ዓሣስ ትበላ እንደሆነ፣ ምግቡ ሥጋ በተጠበሰበት መጥበሻ ቢሠራ ቅር ይላት እንደሆነ፣ በስንት ሰዓት እንደምትመገብ አንድ በአንድ ጠየቁኝ። እናቴ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል እንደማትቀምስ ስነግራቸው፣ የማረፊያው ቁርስ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ የሚያበቃ ቢሆንም፣ «ቁርሱ በሂሳባችሁ ውስጥ ነው፤ የምትበላው መቼም ይሁን መቼ የእሷ ነው» አሉኝ።

ቃላቸውንም ጠበቁ። ከጉብኝት ስንመለስ በውሃ ብቻ የተሠራ የአጃ ገንፎ፣ በሌላ መጥበሻ በዘይት የተጠበሰ እንጉዳይና ቲማቲም፣ የተቀቀለ ድንችና ባቄላ ተዘጋጅቶ ይጠብቀን ነበር። በመጀመሪያው ቀን ራሳቸው የጋገሩትን የአየርላንድ ሶዳ ዳቦ ካቀረቡ በኋላ በአሬራ የተቦካ መሆኑ ትዝ ብሏቸው፣ እናቴ ሳትቆርስ ፈጥነው ከጠረጴዛው አነሱት። ከሱቅ የተገዛ ሌላ ዳቦ አምጥተው፣ መነጽራቸውን አድርገው በማሸጊያው ላይ የተጻፈውን የንጥረ ነገር ዝርዝር እስከ መጨረሻው አነበቡልኝ፤ ከዚያ በኋላ ነው ያቀረቡት። እናቴ ይህን ሁሉ ዝም ብላ ስትመለከት ቆይታ፣ «እግዚአብሔር ይስጥሽ፣ ቤትሽ አይጉደል» ብላ መረቀቻቸው። እኔም ተረጎምኩላቸው። የአየርላንድ ቁርስ በብዛት ቋሊማ፣ የአሳማ ሥጋና ከደም የሚሠራ ጥቁር ቋሊማ ስለሆነ፣ ጾመኛ ላልሆኑ ብዙ ወገኖቻችን፣ ለሙስሊም ወንድሞችና እህቶችም ጭምር፣ እንዲህ ጠይቀው የሚያበስሉ ሰው ማግኘት ትልቅ ነገር ነው።

ጉብኝቱንም ያቀዱልን እሳቸው ናቸው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) በ13ኛው ክፍለ ዘመን የተሠራውን የቅዱስ ካኒስ ካቴድራል ጠዋት ገና ሲከፈት እንድናይ፣ እኔ ከጎኑ ያለውን 30 ሜትር ገደማ የሚረዝም ክብ ግንብ ስወጣ እናቴ ውስጥ ተቀምጣ እንድትጠብቀኝ መከሩን። በአየርላንድ እስከ ጫፋቸው ሊወጣባቸው የሚቻል ክብ ግንቦች በጣም ጥቂት ናቸው፤ ይህኛው ከካቴድራሉም የሚቀድም ነው፣ መሰላሉ ግን ለጉልበት ሕመምተኛ በፍጹም አይሆንም።

ከሁሉ ይልቅ የማመሰግናቸው ብላክ አቢ የሚባለውን የዶሚኒካውያን ገዳም እንዳናልፈው ስላሳሰቡን ነው። በ1225 የተመሠረተው ይህ ገዳም በ1543 ተዘግቶ ለፍርድ ቤትነት ውሎ የነበረ ሲሆን ዛሬ ጸሎት የሚደረስበት ቤተ ክርስቲያን ነው። በ1892 የተሠራው ትልቁ ባለቀለም መስኮቱ የመቍጠሪያ ጸሎታቸውን አሥራ አምስት ምሥጢራት በሥዕል ያሳያል። እናቴ እንግሊዝኛ አታነብም፤ ነገር ግን ከመስኮቱ ፊት ቆማ ብሥራቱን፣ ልደቱን፣ ስቅለቱን፣ ትንሣኤውን በጣቷ እያመለከተች ነገረችኝ። በፍልሰታ ሱባኤ የእመቤታችንን ዕርገት እዚያ መስታወት ላይ ስታገኘው ለረጅም ጊዜ ከቦታው አልተንቀሳቀሰችም።

ቤተ መንግሥቱን ከሰዓት በኋላ አየነው። በትለር የተባለው ቤተሰብ በ1391 ገዝቶት እስከ 1935 ኖሮበታል፤ በመጨረሻም በ1967 ለከተማዋ ሕዝብ በ50 ፓውንድ አስረክቦታል። ከቀድሞ አራት ግንቦቹ ሦስቱ ብቻ ቀርተዋል። የውስጥ ክፍሎቹ ያምራሉ፣ ለእኔ ግን ያለ ክፍያ የሚገባበት ሰፊው መናፈሻ ይበልጥብኛል፤ አግዳሚ ወንበሮች ስላሉትም ለአረጋውያን ይመቻል።

ማታ ማታ ወይዘሮዋ ሻይ ይዘው ከእኛ ጋር ይቀመጡና ስለ ከተማቸው ያጫውቱን ነበር። በየቤቱ ስለተሰቀለው ጥቁርና ወርቃማ ባንዲራ ስጠይቃቸው የሀርሊንግ ቡድናቸው ቀለም መሆኑን ነገሩኝ። ጨዋታው እንደ እኛ የገና ጨዋታ ኳስን በዱላ መምታት ስለሆነ ለእናቴ ማስረዳት አልከበደኝም። በ1366 እዚያው ኪልኬኒ የወጣው የእንግሊዞች ሕግ፣ ሰፋሪዎቻቸው ከአየርላንዳውያን ጋር እንዳይጋቡና ቋንቋቸውን እንዳይናገሩ ከመከልከሉ ባሻገር ይህንኑ ጨዋታ ከልክሎ ነበር። ዛሬ በመላ አየርላንድ ብዙ ዋንጫ የወሰደው የኪልኬኒ ቡድን ነው፤ ይህንን ሲናገሩ በወይዘሮዋ ፊት ላይ የነበረው ኩራት ግልጽ ነበር።

ወደዚያ ለመሄድ ለምታስቡ፣ አየርላንድ የሸንገን አባል ስላልሆነች በኢትዮጵያ ፓስፖርት ከጀርመን፣ ከጣሊያን ወይም ከሌላ የሸንገን ሀገር የሚመጣ እንግዳ የሸንገን ቪዛው እንደማያስገባው አውቆ የአየርላንድ ቪዛ አስቀድሞ ይጠይቅ። ክፍሉን በኢንተርኔት ብቻ ከመያዝ በስልክ መደወል ይሻላል፤ ምድር ቤት ያለው ክፍል አንድ ብቻ ስለሆነ ደረጃ መውጣት የማይችል ሰው ካላችሁ መጀመሪያ ይህንኑ ጠይቁ፤ ጾሙንም በየትኛው ሰዓት እንደሚፈታ ጭምር ንገሯቸው። ቤቱ ትንሽ ነው፣ መኪና ማቆሚያውም ጠባብ ስለሆነ በባቡር መሄዱን እመርጣለሁ። በጥምቀትና በትንሣኤ ሰሞን ለመሄድ ያሰባችሁም ስልካቸውን ከእኔ መውሰድ ትችላላችሁ፤ በአየርላንድ የብርድ ወራት የተወሰኑ ሳምንታት ስለሚዘጉ ግን ቀኑን ከእሳቸው ጋር ሳትነጋገሩ የባቡር ትኬት አትቁረጡ።