«ባድ ዳድ»፦ ስለታሰረ አባት የሚያስቅ የልጆች ልብ ወለድ

ወላጁ የታሰረበት ልጅ በልጆች መጻሕፍት ውስጥ ሲመጣ አብዛኛውን ጊዜ አንገቱን ደፍቶ፣ አንባቢ እንዲያዝንለት ብቻ የተቀመጠ ሆኖ ይቀርባል። እንግሊዛዊው ኮሜዲያንና ደራሲ ዴቪድ ዋሊያምስ እ.ኤ.አ. በ2017 ያሳተመውን «ባድ ዳድ» («መጥፎ አባት») ከመሰሎቹ የሚለየው፣ ዋና ገጸ ባሕርዩ ፍራንክ የሚታዘንለት ብቻ ሳይሆን የሚያሴር፣ የሚቆጣ፣ የሚያስቅና ከሁሉም በላይ አባቱን የሚወድ ልጅ መሆኑ ነው።

የፍራንክ አባት ጊልበርት፣ አሮጌ መኪኖች እየተላተሙ በሚሽቀዳደሙበት የብሪታንያ የውድድር ሜዳ ስሙ የገነነ አሽከርካሪ ነበር። ኩዊኒ ብሎ የሰየማትን ሚኒ መኪናውን እየነዳ ሕዝብ ሲያስጨበጭብ የኖረው ይህ ሰው በአደጋ አንድ እግሩን ያጣል፤ ሥራው ይቀራል፣ ሚስቱ ትታው ትሄዳለች፣ ዕዳው ይከመራል፤ በመጨረሻም ሚስተር ቢግ ለሚባል የወንበዴዎች አለቃ ዘራፊዎችን ይዞ የሚያመልጥ ሾፌር ሆኖ ወኅኒ ይወርዳል። የመጽሐፉን ትልቁን ጥንካሬ ያየሁት በዚህ አወራረድ ላይ ነው። ደራሲው አባትየው ወደ ወንጀል የገባበትን መንገድ ደረጃ በደረጃ እያሳየ፣ ችግሩ እንዲገባን ያደርጋል እንጂ ጥፋቱን አያቃልልም። ስለዚህ ልጅ አንባቢ አባትየው ማጥፋቱን ሳይጠራጠር ልጁን መውደዱንም ሳይጠራጠር ማንበብ ይችላል፤ ይህን ሚዛን በቀልድ መካከል መጠበቅ ቀላል ሥራ አይደለም።

ቀልዱም ከታሪኩ ውጭ የተለጠፈ አይደለም። ሌባ ሰርቆ ያመልጣል፤ ፍራንክና አባቱ ግን የተዘረፈውን ገንዘብ ወደ ባንኩ ለመመለስ፣ እስረኛው ለአንድ ሌሊት ከወኅኒ እንዲወጣ ያቅዳሉ። የዚህ ግልብጥ ዕቅድ አስቂኝነት ከልጁ ምኞት ይፈልቃል፤ አባቱን በድጋሚ ጥሩ ሰው ሆኖ ማየት ይፈልጋልና። አባቱ ሲታሰር ፍራንክን የምታኖረው አክስት ፍሊፕም በግጥሞቿ ታስቃለች፤ ነገር ግን መሳቂያ ብቻ ሆና እንዳትቀር ደራሲው ተጠንቅቆላታል። በትልልቅ ፊደላት ገጹን የሚሞሉት የጩኸትና የግጭት ድምፆች፣ እንዲሁም የመጽሐፉ ሠዓሊ የቶኒ ሮስ ቀጫጭን፣ የተጫሩ የሚመስሉ የቀለም መስመሮች፣ ረጅም ጽሑፍ የሚያደክመውን ልጅ እንኳ ወደሚቀጥለው ገጽ ይስባሉ።

ሁሉም ቀልድ ግን እኩል አይደለም። በሚስተር ቢግ ቁመት ማጠር ላይ የተመሠረቱት ቀልዶች ቶሎ ይሰለቻሉ፤ የሰው ተክለ ሰውነት ላይ የሚሳቅበት ቦታ ባይኖር መጽሐፉ ምንም አይጎድልበትም ነበር። ከዚህ የሚከብደው ቅሬታዬ ግን ስለ ወኅኒው ነው። በእንግሊዝ አገር የተፈረደበት እስረኛ አብዛኛውን ጊዜ በየ4 ሳምንቱ ቢያንስ ሁለት ጊዜ ለ1 ሰዓት ያህል ይጠየቃል፤ በእነዚያ ሰዓታት መካከል ያለው ረጅም ጥበቃ ወላጁ የታሰረበት ልጅ ዋና ሕይወት ነው። መጽሐፉ ለመኪና ማሳደድና ለማምለጥ ከሰጠው ሰፊ ቦታ ጥቂቱን ለዚህ ጥበቃ ቢሰጥ ኖሮ፣ እውነተኛው ወኅኒ በር ላይ ተሰልፎ የሚያውቅ ልጅ ራሱን ይበልጥ ያገኝበት ነበር። እንዲህ ያለ ልጅ አባቱን ማስወጣት እንደማይችል ያውቃል፤ ስለዚህ ከእርሱ ጋር የሚያነብ አዋቂ የማምለጫውን ክፍል እንደ ጨዋታ ብቻ አልፎት መሄድ የለበትም፤ ቆም ብሎ ልጁ ምን እንደተሰማው ቢጠይቀው ይሻላል።

ዕድሜያቸው ከ8 እስከ 12 ለሆኑ ልጆች ያለ ማመንታት እመክረዋለሁ። ከ400 ገጽ በላይ ቢሆንም ምዕራፎቹ አጫጭር ስለሆኑ ማታ ማታ ድምፅን ከፍ አድርጎ ለማንበብ ይመቻል፤ ለታናናሾቹ ግን አባትየው እግሩን የሚያጣበትን ክፍል ወላጅ አስቀድሞ ቢያነበው መልካም ነው።