ሦስት ጋራዥ ያላገኘውን ኳኳታ በአንድ ጣት ላገኘው የሳቢያን መካኒክ

ድሬዎች፣ ይህ የምስጋና ጽሁፍ ነው። ለአራት ወር ድንጋይ በነካች ቁጥር ቋ ቋ ስትል የከረመች ኮሮላ ዝም ብላለች። የከዚራን ኮብልስቶን ዞራ፣ ደቻቱን ተሻግራ፣ ደንገጎን ወጥታ ሐረማያ ደርሳ ተመልሳለች፤ አንድም ጊዜ አላንኳኳችም። የሠራት ሰው ድሬዳዋ ሳቢያን ሰፈር ውስጥ ጠባብ ግቢ ይዞ የሚሠራ ሽማግሌ መካኒክ ነው። ስሜ አይጻፍ ስላለ አልጽፍም። «አንቱ» ሲባልም «አቦ ተወኝ፣ ድሬ ነው ያለኸው» ስለሚል እሱ እያልኩ እቀጥላለሁ። ዕድሜና ጤና ይስጠው።

የተገጠመላት ያገለገለ የሚስተካከል ሾክ (የጎማውን መዝለል የሚያበርደው ዕቃ) ነው፤ ኮይሎቨር የሚባለው፣ ሞላው ሾኩን ከቦ በጥርስ ላይ በሚዞር ቀለበት የሚደገፍ። ከሌላ መኪና ከነሞላው ተፈትቶ የመጣ ነው። ዕቃው መጥፎ አልነበረም። ይህን ልብ በሉልኝ፣ ሁሉም ጥፋቱን የሚጭኑት ዕቃው ላይ ነበርና።

ከእሱ በፊት ሦስት ቦታ ገብታለች። ስም አልጠራም። አንደኛው መኪናዋን ሳይነዳ ሁለቱን የስታብላይዘር ሊንክ (መኪናዋ ኩርባ ላይ እንዳታጋድል የሚይዘውን ብረት ከጎማው ጎን ጋር የሚያገናኙትን አጫጭር ዘንጎች) ቀየረ። ሁለተኛው ቦል ጆይንት የሚባለውን የኳስ መገጣጠሚያና የኮንትሮል አርም (ጎማውን ከመኪናዋ አካል ጋር የሚያያይዘው የታች ክንድ) ጎሚኒ፣ ማለትም የላስቲክ ማቀፊያውን፣ ቀየረ፤ የጎሚኒውንም ቡሎን ጎማው ተንጠልጥሎ ሳለ አጠበቀው። ሦስተኛው «ሆዷ መሬት እየነካ ነው» ብሎ የሞላውን ቀለበት በመሮና በመዶሻ እየመታ ሽቅብ ወሰደው፣ ሞላውን ግሪስ ለቀለቀው፣ ድምፁ ሲብስ ደግሞ «አሮጌ ዕቃ ገዝተህ ምን ትጠብቃለህ» አለ። ሦስቱም ሂሳባቸውን ሙሉ ተቀብለዋል። ያንገበገበኝ ግን ገንዘቡ ብቻ አይደለም። አንዳቸውም መኪናዋ ውስጥ ተቀምጠው ድምፁን አላዳመጡም።

የሳቢያኑ ሰው ክሪክ ከማንሳቱ በፊት ገብቶ ተቀመጠ። መስኮት አስከፈተ፣ ሬዲዮና ማራገቢያ አስጠፋ። መጀመሪያ በሰው እርምጃ ፍጥነት ኮብልስቶን ላይ፣ ቀጥሎ የፍጥነት መቀነሻ ጉብታ ላይ፣ በመጨረሻ ቆሞ መሪውን ከጥግ እስከ ጥግ አዞረ። እሱ መጀመሪያ የሚጠይቀው ድምፁ መቼ እንደሚመጣ ነው። ቆማችሁ መሪ ስታዞሩ ሞላው እየዘለለ ጥንግ ካለ የላይኛው ኩሽኔታ አልዞር ብሏል። ስትነሡና ፍሬን ስትይዙ አንድ ጊዜ ቋ ካለ የኮንትሮል አርም ጎሚኒውን እዩ። ጉብታ አልፋችሁ ጎማው ወደ ታች ሲንጠለጠል ከመጣ ወይ ሞላው ላልቷል፣ ወይ ሾኩ ተዘርግቶ አልቆ ጫፉን እየመታ ነው። ጉድጓድ ገብታችሁ ከባድ ጓ ካለ የዘንጉ መከላከያ ላስቲክ ተፈርፍሯል ወይም ጭራሽ የለም። በትናንሽ ድንጋይ ላይ ቋ ቋ ቋ እያለ የሚከታተል ግን አብዛኛውን ጊዜ ከላይኛው ማውንት (ሾኩን ከላይ ከመኪናዋ አካል ጋር ከሚያስረው) ወይም ከሊንክ ነው። የዚህች መኪና ድምፅ ሁለት ነበር፦ ትናንሽ ድንጋይ ላይ የሚከታተል፣ ጉብታ ስትወርድ ደግሞ አንድ ለብቻው። ሌሎቹ አንድ ድምፅ ነው ብለው ስለፈለጉት ሁለቱንም አጡ።

ሊንኩን ከጥርጣሬ ለማውጣት የግራውንም የቀኙንም ፈታ፤ አንዱ ብቻ ከተፈታ ምርመራው ግማሽ ነው። የተንጠለጠሉት ጫፎች ሌላ ነገር እንዳይመቱ በሽቦ አሰረና ግቢው አካባቢ በቀስታ ነዳት። ድምፁ እንዳለ ነው። እንዲህ ተፈትቶ በፍጥነትም በኩርባም አይነዳም፤ ለምርመራ ብቻ ነው። ሩብ ሰዓት በማይሞላ ሥራ፣ አንደኛው ጋራዥ ያስከፈለን ሊንክ ያለጥፋቱ እንደተቀየረ ታወቀ።

ከዚያ ኮፈኑን ከፈተ። መኪናዋ በአራት ጎማዋ መሬት ላይ እንደቆመች የላይኛውን ማውንት ክዳን አነሣና ከዳዶው ሥር ያለችውን ሮንዴላ (ስስ የብረት ቀለበት) በጣቱ ገፋ አደረጋት። ዞረች። በጠበቀ ዳዶ ሥር ያለች ሮንዴላ በጣት መዞር የለባትም። «ጣትህን አምጣ» ብሎ እጄን ወስዶ እዚያው ላይ አኖረው፣ ረዳቱን ፓራፋንጎውን ተጭኖ እንዲያወዛውዛት ነገረው፤ ኳኳታው ጣቴ ሥር መጣ። አራት ወር የተፈለገው ነገር። ሌላ ቢሆን እንዲህ አድርጎ አያሳይም፣ «ገብቶኛል፣ ሂድና ማታ ና» ይላል። እሱ እጅ ይዞ ያሳያል።

ነገሩ እንዲህ ነው። የሾኩ ዘንግ ጫፍ በማውንቱ መሐል ባለች ኳስ ኩሽኔታ ውስጥ ያልፋል። ከኳሷ ሥርም ላይም ቡሽ (ዘንጉን የሚከብ አጭር ቱቦ) አለ፤ ዳዶው ሲጠብቅ ቡሽ፣ ኳስ፣ ቡሽ አብረው ዘንጉ ትከሻ ላይ መጨፍለቅ አለባቸው። ዕቃው ከመጀመሪያዋ መኪና ሲፈታ በሁለቱም ጎን የላይኛዋ ቡሽ ቀርታለች። ቡሽዋ ከሌለች ዳዶው የዘንጉ ጥርስ ማለቂያ ላይ ደርሶ ይቆማል። በቁልፍ ስትነኩት ጠብቋል፤ የያዘው ነገር ግን የለም። 2 ሚሊ ሜትር ያህል ክፍተት ነበር፣ ዘንጉም ጎማው በወጣና በወረደ ቁጥር በዚያች ክፍተት ውስጥ ይመታል። ሦስት መካኒክ ዳዶውን በቁልፍ ሞክሮ «ጠብቋል» ብሎ ያለፈው ለዚህ ነው።

«ጥንድ ማውንት ግዛ» ቢለኝ ደስ ብሎኝ እገዛ ነበር። እሱ ግን በካሊፐር የዘንጉን ውፍረትና የጎደለውን ቁመት ለካ፣ በካርቶን ቁራጭ ላይ ጻፈና ወደ ቶርኖ ቤት ላከው። ሁለት የብረት ቡሽ ተቀረጸ። ሙያውን ያወረሱት የድሮው የምድር ባቡር ወርክሾፕ ሰዎች ናቸው፤ ልኬት ላይ ያለው ጥንቃቄ ከዚያ የመጣ ይመስለኛል። ዳዶውን ሲያጠብቅም ኤር ገን አልነካም። ዘንጉን በአለን ቁልፍ ይዞ ዳዶውን በእጅ አዞረ፤ በኤር ገን ሲመታ ዘንጉ አብሮ እየተሽከረከረ የውስጡን ዘይት መያዣ ላስቲክ ይበላል።

ሁለተኛው ድምፅ የሦስተኛው ጋራዥ ሥራ ነበር። የሞላው ቀለበት ሽቅብ ሲጠብቅ ሞላው ታፍኖ ዘንጉን እስከ መጨረሻው ይዘረጋዋል፤ መኪናዋ ከፍ ትላለች፣ ሾኩ ግን ወደ ታች የሚወርድበት ቦታ አይቀረውም። ጉብታ ስትወርድ ጫፉ ላይ ቋ ብሎ ይመታል። ከፍታ በዚህ ዓይነት ሾክ ላይ የሚስተካከለው ከታች፣ ብራኬቱ (ሾኩን ከታች ከጎማው ጎን የሚያስረው) ከሾኩ አካል ጋር በሚገናኝበት ጥርስ ነው። እሱም ቀለበቱን ፈትቶ ሞላው ነፃ እስኪሆን መለሰው፣ በእጅ መንቀሳቀሱ እስኪያቆም አጠበቀ፣ 3 ሚሊ ሜትር ብቻ ጨመረ፣ ማሰሪያውን ቀለበት አሰረ። የሚፈለገውን ከፍታ ከብራኬቱ አወጣ፤ ጥርሱ ብራኬቱ ውስጥ በደንብ ጠልቆ መያዙንም አረጋገጠ፤ በጥቂት ጥርስ የተንጠለጠለ ብራኬት መንገድ ላይ ይነቀላል። ጥርሱን ቀድሞ በሽቦ ብሩሽ ጠርጎ ዘይት ቀባው። የደቻቱ አሸዋ የገባበት ጥርስ በግድ ሲዞር ይላጫል። መሮም አልተጠቀመም፤ ለቀለበቱ የሚሆን ጥርስ ያለው ግማሽ ክብ ቁልፍ አለው።

ሾኩ ወጥቶ ሳለ ሞላውን አውጥቶ ዘንጉን በእጁ ገፋ፣ ሳበ። ከላይ እስከ ታች አንድ ዓይነት ክብደት ሊሰማ ይገባል። መሐል ላይ ባዶ ቦታ ካለ፣ እጅ በድንገት ጠልቆ ከዚያ የሚይዝ ከሆነ፣ ዘይቱ ወይም ጋዙ ወጥቷል፤ ያ ሾክ በምንም ቡሽ ዝም አይልም። የእኛው ደህና ነበር። የላይኛውን የጥንካሬ ማስተካከያ ደግሞ በቀኝ እስኪቆም ካጠበቀ በኋላ በሁለቱም ጎን እኩል ቆጥሮ መለሰ። የቴይን ፋብሪካ ሾኮች ብዙ ጊዜ 16 ክሊክ (ማስተካከያው ሲዞር ቀጭ የሚልበት እርምጃ)፣ የቢሲ ሬሲንግ ፋብሪካ ደግሞ 30 ክሊክ ናቸው፤ ቁጥሩ ምንም ይሁን፣ የፊት ግራና የፊት ቀኝ አንድ መሆን አለባቸው።

የኮንትሮል አርሙን ቡሎን ሲፈታ ሌላ ጉድ ወጣ። ጎማው ተንጠልጥሎ የታሰረው አዲስ ጎሚኒ መኪናዋ ስትወርድ ተጠማዝዞ ኖሮ መሰንጠቅ ጀምሯል። ጎሚኒ የሚጠብቀው መኪናዋ ክብደቷን በጎማዋ ላይ ጥላ ስትቆም ብቻ ነው። ቡሎኑን አላልቶ፣ አውርዶ፣ እንደቆመች አጠበቀው። «ለአሁኑ ይሠራል፣ ሲቀደድ ትቀይራለህ» አለ። ዕቃ ሊሸጥልኝ የሚችልበት ሁለተኛ ዕድል ነበር፤ አልተጠቀመበትም።

በመጨረሻ በአራቱም በኩል ከጎማው መሐል እስከ ፓራፋንጎው ጠርዝ በሜትር ለካ፤ ግራና ቀኝ ከ5 ሚሊ ሜትር በላይ እንዲለያይ አይፈቅድም። የፊት ከፍታ ሲቀየር የጎማው አቅጣጫም ስለሚቀየር በዚያው ቀን ዊል አላይመንት እንዲሠራ አዘዘ። ካልተሠራ ጎማ በጥቂት ወር ይላጫል። ከ500 ኪሎ ሜትር በኋላ ተመልሰን ሄድን፤ ዳዶዎቹንና ቀለበቶቹን አንድ በአንድ ነካክቶ ምንም አልተቀበለም። የጠቅላላ ሥራው ዋጋ ያለጥፋታቸው ከተቀየሩት ሊንኮች ዋጋ ያነሰ ነበር። ወላሂ ይህን ስጽፍ ገና አሁንም ይገርመኛል።

ስለዚህ መኪናችሁ የምታንኳኳ ከሆነ ሂዱለት። ሊንክ ከመቀየራችሁ በፊት ሂዱለት። ሳቢያን ገብታችሁ «በጣት የሚያዳምጠው መካኒክ» ብላችሁ የባጃጅ ልጆችን ጠይቁ፣ ያውቁታል። ከጠዋቱ 1 ሰዓት ጀምሮ አለ፤ ከ6 እስከ 9 ሰዓት ሙቀቱ ስለሚበረታ ይዘጋል፣ በዚያ ሰዓት አታንኳኩበት። ግሪስ ቀብታችሁ አትውሰዱለት፤ ድምፁን ለሁለት ቀን ይደብቅና ፍለጋውን ያጠፋበታል። ያገለገለ ኮይሎቨር ልትገዙ ካሰባችሁም ከመክፈላችሁ በፊት የላይኛው ማውንት ከነቡሾቹ፣ ከነሮንዴላውና ከነዳዶው መኖሩን፣ መከላከያ ላስቲኩ ዘንጉ ላይ መኖሩን፣ ቀለበቱ በእጅ ቁልፍ መዞሩን፣ ዘንጉ ላይ ጭረትና ዘይት አለመኖሩን እዩ። የድሮውን ሾክ ስታስፈቱ ደግሞ የሚወጣውን ቡሽና ሮንዴላ ሁሉ አታስጥሉ፤ በፌስታል አድርጋችሁ ይዛችሁለት ሂዱ፣ የጎደለችው ነገር ከእሱ ውስጥ ልትገኝ ትችላለች።