የቪትዜ ኒውትራል ስዊች፣ አንድ ክረምት ካለፈበት በኋላ

ስዊቹን ያስቀየርኩት ክረምት ሊገባ ሲል ነው። መኪናዋ ባለ 4 ማርሽ ኦቶማቲክ ቶዮታ ቪትዝ ናት። ሕመሟ የታወቀው ነው፦ ፒ (ማቆሚያው) ላይ ቁልፍ ሲዞር ዝም፤ ኤን (ዜሮ ማርሽ) ላይ ግን እሺ ብላ ትነሳለች። የኋላ ማርሽ መብራቷም ጠፍቶ ነበር።

ለማያውቀው፣ ስዊቹ የሚቀመጠው ካምቢዮው ላይ፣ ማርሹ በሚያዞረው ዘንግ ላይ ነው። ሞተሩን የሚያስነሳው ሞተሪኖ በፒና በኤን ብቻ እንዲሠራ የሚፈቅደው እሱ ነው። የኋላ ማርሽ መብራቱም፣ ክሩስኮቶው ላይ የሚታየው የማርሽ ፊደልም በሱ በኩል ያልፋሉ።

የገዛሁት ከሶማሌ ተራ ነው። አዲስ ግን ኮፒ፣ ሶኬትና ቁራጭ ሽቦ አብሮት ያለ። ስዊቹ አላሳፈረኝም፤ ክረምቱን ሙሉ ፒ ላይ ባንዴ ተነስታለች። ያስቸገረው ሽቦው ነው። ቀለሙ ከመኪናዋ ሽቦ ጋር አይመሳሰልም። ቀለም በቀለም ቢቀጠል የሞተሪኖው መስመር ሌላ ቦታ ይገባ ነበር። ኤሌክትሪሻኑ ቀለሙን ትቶ የፒኖቹን ቦታ ከአሮጌው ሶኬት ጋር እያስተያየ አንድ በአንድ እየቆረጠ ቀጠለ። ጠምዝዞ ናስትሮ መጠቅለል የለም። በየደው፣ ከዚያ ሲሞቅ የሚኮማተር ፕላስቲክ አለበሰው። ለዚህ ሥራ የከፈልኩት አይቆጨኝም።

የኋላ ማርሽ መብራቱ ጉዳይ ደግሞ ከስዊቹ አልነበረም። የቀድሞው ባለቤት ለካሜራ ብሎ ሽቦውን ልጦ ሌላ ሽቦ ጠምዝዞበታል። ውሃ ገብቶበት መዳቡ አረንጓዴ ዱቄት ሆኗል፤ በጣት ሲነካ ተበጠሰ።

ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት ግን አንድ ነገር አስፈትሹ። ማርሹ ኤን ላይ ሆኖ የዘንጉ ጎድጓዳ ምልክት ስዊቹ ላይ ካለው መስመር ጋር መግጠም አለበት። ትንሽ ከሸሸ አዲሱም እንደ አሮጌው ፒ ላይ እምቢ ይላል። ብሎኖቹን አላልቶ ማስተካከል ብቻ የሚበቃበት ጊዜ አለ።

«ሁለቱን ሽቦ ቀጥታ ላገናኝልህና ተገላገል» ያለኝም ነበር። ያኔ ዲ (ወደፊት መሄጃው) ላይም ሞተሪኖው ይሠራል፤ መኪናዋ ተስፈንጥራ ፊቷ ያለውን ትገጫለች። ግቢው ውስጥ ልጆች የሚጫወቱበት ሰው እንዴት ይህን ያስባል?

አሁን የቀረኝ ቅሬታ የሶኬቱ መቆለፊያ ነው። ላልቷል፤ በፕላስቲክ ማሰሪያ አስሬዋለሁ። ያገለገለ ኦሪጅናል ሶኬት ካገኘሁ እሱን እቀይራለሁ፣ ስዊቹን ግን አልነካውም።