ሮምን በእግር ላሳዩን ጋሼ

ሰላም ወገኖች። ይህን ምስጋና ሳልጽፍ ብቀር ይከነክነኛል።

ባለፈው ወር አራት ሆነን ሮም ሄደን ነበር። አንዷ ከስቶክሆልም፣ ሁለቱ ከለንደን፣ እኔ ከፍራንክፈርት። የዩኒቨርሲቲ ጓደኛሞች ነን፤ አራታችንም አንድ ላይ ከተገናኘን ስድስት ዓመት አልፎን ነበር። የመጀመሪያው ቀን ባከነብን። በኢንተርኔት በያዝነው ጉብኝት አርባ የምንሆን ሰዎች ማዳመጫ ጆሯችን ላይ ሰክተን ከአንዲት ባንዲራ ኋላ ስንሮጥ ዋልን። ጉልበቷን የሚያማት ጓደኛችን ሁለቴ ወደ ኋላ ቀርታ ጠፋችብን፣ ዞር ብሎ ያየ ግን የለም።

ማታ አንድ ዘመድ የእኚህን ሰው ስልክ ሰጠን። ሮም ከሃያ ዓመት በላይ የኖሩ፣ የማስጎብኘት ፈቃድ ያላቸው ሀበሻ ናቸው። እኛ ጋሼ ነው የምንላቸው። በማግስቱ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ተርሚኒ ባቡር ጣቢያ ጠበቁን። ገና ሰላም እንዳሉን "እግሩን የሚያመው ማነው?" አሉ። ከዚያ በኋላ ቀኑን ሙሉ የተጓዝነው በእሷ እርምጃ ነው።

ከጣቢያው ብዙም ሳንርቅ የዶጋሊ ሐውልት ጋ አቆሙን። ድንጋዩ የጥንት ግብፅ ነው። ጣሊያኖች በ1879 ዓ.ም. ዶጋሊ ላይ በራስ አሉላ ጦር ላለቁባቸው ወታደሮች መታሰቢያ አደረጉት፤ የጣቢያው አደባባይም "የአምስት መቶዎቹ" የሚባለው በእነሱ ነው። ዘርዓይ ደረስ በ1930 ዓ.ም. ጣሊያኖች ላይ ሰይፉን የመዘዘውም እዚሁ ሐውልት አጠገብ ነው። ከዚህ በፊት ሁለት ጊዜ በዚያ በኩል አልፌያለሁ፣ ሻንጣዬን እየጎተትኩ።

ትሬቪ የሚባለውን ዝነኛ የውሃ ፏፏቴ በጠዋት ስለደረስንበት በደንብ አየነው። ፓንቴዮን በሚባለው የጥንት ሮማውያን ቤተ መቅደስ ውስጥ አናቱ ላይ ያለውን ክፍት ቀዳዳ አሳይተውን፣ ዝናቡ በዚያ ገብቶ ወለሉ ላይ ባሉት ትንንሽ ቀዳዳዎች እንደሚወርድ ነገሩን። መንገድ ላይ "ናዞኒ" የሚሏቸው የብረት ቧንቧዎች አሉ፤ ውሃው ቀዝቃዛ ነው፣ ነጻ ነው፣ አፉን በጣት ሲደፍኑት ከላይ ባለችው ቀዳዳ ወደ አፍ ይፈናጠራል። እኛ ጠጥተን እስክንጨርስ ጓደኛችን ታርፋለች። በኋላ ነው የገባኝ፣ ጋሼ መንገዱን የመረጡት ማረፊያ እየቆጠሩ ነበር።

የመጨረሻው ቦታ ፖርታ ካፔና ነበር፣ የፋኦ (የተባበሩት መንግሥታት የምግብና እርሻ ድርጅት) ሕንፃ ፊት ለፊት። የአክሱም ሐውልት ከተወሰደ ጀምሮ ቆሞ የኖረው እዚያ ነው። ጋሼ በ1996 ዓ.ም. ሐውልቱ ወደ አገር ቤት ሊመለስ ሲፈታ ከሥራ በወጡ ቁጥር እየመጡ ያዩ እንደነበር ነገሩን። ያቺ ጉልበቷን የሚያማት ጓደኛችን ደግሞ ያደገችው አክሱም ነው። በ1997 ዓ.ም. ሚያዝያ ላይ ድንጋዩን የጫነው አውሮፕላን ሲያርፍ የትምህርት ቤት ልጅ ነበረች፣ ከእናቷ ጋር ወጥታ አይታለች። እሳቸው ሲሄድ ያዩትን እሷ ሲደርስ አየችው። ይህንን ስትነግራቸው ጋሼ መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን ጠረጉ። ከዚያ እጇን ይዘው ስለ እናቷ፣ ስለ ሰፈሯ፣ ስለዚያ ቀን ሕዝብ አንድ በአንድ ጠየቋት። እኛ ሦስታችን ዝም ብለን ቆምን።

የተስማማነው ለግማሽ ቀን ነበር። አመሻሽ ላይ ነው የተለያየነው፣ ጭማሪ ብንሰጣቸው በፍጹም እምቢ አሉ።

የምትሄዱ ካላችሁ ቀደም ብላችሁ ያዟቸው፣ በተለይ በአውሮፓ በጋ። ከአምስት ስድስት ሰው በላይ አይወስዱም። መንገዱ ጥርብ ድንጋይ ነውና ሶሉ ወፍራም ጫማ አድርጉ። ቡና ባንኮኒው ላይ ቆማችሁ ጠጡ፤ ከተቀመጣችሁ ዋጋው ይጨምራል። ስማቸውንና ስልካቸውን ሳላስፈቅድ እዚህ አልለጥፍም፣ በውስጥ መስመር ጻፉልኝና አገናኛችኋለሁ።

ጋሼ፣ ይህ ከደረሰዎት፣ ጉልበቷ ተሽሏታል። ለእናቷም ደውላ ሁሉንም ነግራቸዋለች፤ ሰላም በሉልኝ ብለዋል። እግዜር ይስጥልን።