አኒሜ ለመመልከት፦ ክፍት ምንጭ መተግበሪያ ወይስ ክራንቺሮል?

በዋጋ ረገድ ብዙ ክርክር የለም፤ እንደ አኒዮሚ ያሉ ክፍት ምንጭ (ኮዳቸው ለማንም ክፍት የሆነ) መተግበሪያዎች ነጻ ሲሆኑ፣ አኒሜን (የጃፓን አኒሜሽንን) በባለመብቶቹ ፈቃድ በኢንተርኔት የሚያሠራጨው ክራንቺሮል የአባልነት ክፍያ ይጠይቃል።

በቀላልነት ክራንቺሮል ይበልጣል፦ ስልክም ሆነ ቴሌቪዥን ላይ በአንድ አካውንት ካቆሙበት ያስቀጥላል። አንድሮይድ ላይ የሚሠራው አኒዮሚ ግን ራሱ ምንም ቪዲዮ ስለማይዝ፣ ተጠቃሚው ቅጥያዎችን (ቪዲዮውን ከድረ ገጾች የሚያመጡ ተጨማሪ ፕሮግራሞችን) ፈልጎ መጫን፣ የምንጩ ድረ ገጽ ሲለወጥም ማደስ ይኖርበታል።

ዋናው ልዩነት ስጋቱ ላይ ነው። የኮዱ ግልጽነት መተግበሪያውን ለመመርመር ያስችላል እንጂ፣ በቅጥያ በኩል የሚመጣው ቪዲዮ የባለመብቶቹ ፈቃድ እንዳለው አያረጋግጥም፤ ብዙውም የለውም። አኒዮሚ የተገነባበት የማንጋ (የጃፓን የሥዕል ታሪክ) ማንበቢያ ታቺዮሚ፣ ከአንድ ባለመብት ኩባንያ የሕግ ማስጠንቀቂያ ከደረሰው በኋላ በ2024 እ.ኤ.አ. ሥራውን አቁሟል፤ ኮዱ ግን ክፍት ስለነበረ ሌሎች ሚሆን በሚል ስም ቀጥለውበታል። ክራንቺሮልም ቢሆን ዋስትናው ሙሉ አይደለም፦ የሚያቀርባቸው ተከታታዮች ዝርዝር ከአገር አገር ይለያያል፣ የፈቃድ ውል ሲያበቃም ተከታታዩ ሊነሳ ይችላል።

አዳዲስ ክፍሎችን ጃፓን ውስጥ እንደተላለፉ ያለ ውጣ ውረድ ማየት ለሚሻ ክራንቺሮል ይስማማዋል። በሕጋዊ መንገድ ያገኛቸውን ፋይሎች በራሱ ኮምፒውተር አስቀምጦ በየመሣሪያው ማጫወት ለሚፈልግ ደግሞ፣ ለማዋቀር ትዕግሥት ካለው፣ ክፍት ምንጩ ጄሊፊን የተሻለ ምርጫ ነው።