ጅማ፦ ማረፊያው፣ ባጃጁ፣ ሐኪሙና የእትዬ መንገድ

ዘመድ ጥየቃ ጅማ የምትሄዱ፣ በተለይ መንገድ እየጠፋበት ያስጨነቃችሁ አረጋዊ ቤታችሁ ካለ፣ ይህ ጽሑፍ ይጠቅማችኋል ብዬ አስባለሁ። የተጠቀምኩባቸውን አገልግሎቶች እንዳየኋቸው እጽፋለሁ። ሕክምናው ላይ ግን ረዘም እላለሁ፤ ሥራዬም ስለሆነ፣ የመጣሁትም ለእሱ ስለሆነ። ለንደን ውስጥ የማስታወስ ችግር በሚመረመርበት ክሊኒክ ነው የምሠራው። አዋቂዎች አቅጣጫ የመለየት ችሎታቸው እንዴት እንደሆነ በቪአር መነጽር (በኮምፒውተር የተሠራ ዓለም ዓይን ፊት የሚያሳይ መነጽር) እንፈትናለን።

በረራው ጥሩ ነው። ከቦሌ እስከ ጅማው አባ ጅፋር ኤርፖርት አንድ ሰዓት እንኳ አይሞላም። በመኪና ወደ 350 ኪሎ ሜትር ነው፤ የግቤን ቁልቁለትና ዳገት ለሚወድ ሰው መንገዱ ራሱ ጉብኝት ነው። ማረፊያዬ ፈረንጅ አራዳ አካባቢ ያለ አነስተኛ እንግዳ ማረፊያ ነበር። ክፍሉ ንጹሕ፣ መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተሩ ቶሎ የሚነሳ፣ ቁርስ ላይ የጅማ ማር የማይጠፋበት ቤት ነው። ኢንተርኔቱ ደከም ይላል። ባለቤቷ ግን ወርቅ ሴት ናቸው፤ አዳራሹን ወንበሩን ሁሉ አስነስተው ሰጡኝ። ለምን እንደፈለግኩት ወደ ታች እነግራችኋለሁ።

ባጃጅ ላይ አንድ ጎበዝ ልጅ አግኝቼ ሙሉ ቆይታዬን ከእሱ ጋር ነው የሄድኩት። ዋጋውን ቀድሞ ይናገራል፣ በቴሌብር ይቀበላል። ጅማ ውስጥ ቤት በቁጥር አይፈለግም። «አጂፕን አለፍ ብሎ»፣ «መስጊዱ ጋ ሳይደርስ»፣ «ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ» ነው የሚባለው። ልጁ ይህን ሁሉ በቃሉ ይዞታል። መንገድ ተቆፍሮ ሲዘጋ ሳያመነታ በውስጥ ለውስጥ ይዞኝ ይወጣል። እ.ኤ.አ. በ2000 የታተመ አንድ ጥናት የለንደን ታክሲ ሹፌሮችን አንጎል አይቶ ነበር። ሂፖካምፐስ የሚባለው ክፍል የኋለኛው ጎኑ ከሌላው ሰው ይበልጥ ገዘፍ ብሎ ነው የተገኘው። መንገድ የሚያጠና አንጎል ይሠለጥናል። ይህን ልጅ ሳይ ያ ጥናት ነው ትዝ የሚለኝ።

አሁን ወደ እትዬ ልምጣ። አክስቴ ናቸው፤ ያሳደጉኝ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ከቤት ጅማ መርካቶ በእግራቸው ተመላልሰዋል። በቅርቡ ግን ሲመለሱ መንገድ እየጠፋባቸው የሰፈር ልጆች እጃቸውን ይዘው ያመጧቸው ጀመር። ቤተሰቡ ደነገጠ። ወደ አንድ የግል ክሊኒክ ወሰድናቸው፤ ስሙን አልጠራም። እዚያ ያየሁት አሳዝኖኛል። ወረቀት ተሰጣቸውና ሁለት የተጠላለፉ ባለ አምስት ጎን ቅርጾች ሳሉ ተባሉ። እትዬ ትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጡም፤ እስክሪብቶ የያዙት ለፊርማ ያህል ነው። እጃቸው እየተንቀጠቀጠ ወረቀቱን መልሰው ሰጡ። ከዚያ ካርዳቸው ላይ «የመርሳት በሽታ» ተብሎ ተጻፈ። ደም አልታየም፣ ዓይን አልታየም፣ ምን መድኃኒት እንደሚወስዱም አልተጠየቀም። ከወጣን በኋላ መንገድ ላይ አልተናገሩም።

በማግስቱ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል ሄድን። ሰልፉ ረጅም ነው፤ በጠዋት ተነሱ፣ ውሃና የሚቀመስ ነገር ያዙ። ግን ተራችሁ ሲደርስ ሐኪም ታገኛላችሁ። የተቀበለችን ወጣት ሐኪም በአማርኛም በኦሮምኛም እያዋዛች አናገረቻቸው። መድኃኒቶቻቸውን አንድ በአንድ አየች። የታይሮይድ፣ የስኳርና የቫይታሚን ቢ12 ምርመራ አዘዘች፤ እነዚህ ሲዛቡ ሰው ግራ ሊጋባ ይችላል፣ ሲስተካከሉም ሊመለስ ይችላል። እንቅልፋቸውንና ሐዘናቸውን ጠየቀች። በመጨረሻ ወደ ዓይን ክፍል ላከችን። ሁለቱም ዓይናቸው ላይ ሞራ ተገኘ፤ ቀኙ የባሰ ነው።

መንገድ የጠፋበት ሰው ሁሉ በአንድ ምክንያት አይጠፋበትም። አንዱ ምልክቱን ማየት አይችልም። ሌላው ያየዋል፣ ግን ምልክቱ ራሱ የለም። ጅማ በኮሪደር ልማት ብዙ ተቀይራለች፤ እትዬ የሚታጠፉባት ሱቅ ፈርሳለች። ሦስተኛው ሰው ደግሞ ምልክት ባይኖርም እንኳ አካሉ ሊመራው ይገባ ነበር፤ ግን አይመራውም። ስንራመድ አንጎላችን ስንት እንደሄድንና ወዴት እንደዞርን ራሱ ይከታተላል። በጨለማ ከጓሮ ተነስተን በሩን የምናገኘው በዚህ ነው። ጆን ኦኪፍ እ.ኤ.አ. በ1971 ሂፖካምፐስ ውስጥ ቦታን የሚለዩ ሕዋሳት እንዳሉ አሳየ። ማይ-ብሪትና ኤድቫርድ ሞዘር በ2005 ጎረቤቱ በሆነው ኢንቶራይናል ኮርቴክስ ውስጥ እንደ መረብ የተዘረጋ ልኬት የሚሠሩ ሕዋሳት አገኙ። ሦስቱም በ2014 ኖቤል ተሸለሙ። የአልዛይመር በሽታ ቀድሞ ከሚያጠቃቸው ቦታዎች አንዱ ይኸው ኢንቶራይናል ኮርቴክስ ነው። ስለዚህ ሦስተኛውን ዓይነት ሰው በጊዜ ለይቶ ማወቅ ትልቅ ነገር ነው። ወረቀትና እስክሪብቶ ይህን አይለይም።

ቪአር ሊለየው ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2019 የካምብሪጅ ተመራማሪዎች ያሳተሙት ጥናት የተጠቀመበት ፈተና ቀላል ነው። መነጽሩን ያደረገ ሰው ባዶ ሜዳ ላይ ይቆማል። አንድ ኮን (ሾጣጣ ምልክት) ይታየዋል፣ በእግሩ ይደርስበታል፣ ኮኑ ይጠፋል። ሁለተኛው፣ ከዚያ ሦስተኛው። ከዚያ «የመጀመሪያው ወደነበረበት ተመለስ» ይባላል። አንዳንዴ ከሩቅ የሚታየው ምልክት ሁሉ ይነሳል፣ አንዳንዴ የመሬቱ ገጽ ልሙጥ ይደረጋል። መለስተኛ የማስታወስ ችግር ካለባቸው ሰዎች መካከል የአልዛይመር ምልክት በምርመራ የተገኘባቸው ይበልጥ ሳቱ።

ይህን የሚመስል ፈተና ያለ ኮምፒውተርና ያለ ኢንተርኔት በሚሠራ መነጽር ይዤ ነው የመጣሁት። አዳራሹን የፈለግኩት ለዚህ ነበር። መጀመሪያ ባጃጅ ሹፌሩ፣ ቀጥሎ የማረፊያው ባለቤት ሞከሩት። በዱላ መቆጣጠሪያ ብቻ ሲንቀሳቀሱ ዓይን «ሄድኩ» እያለ አካል «ቆሜያለሁ» ስለሚል ያጥወለውላል፤ በእግር ሲሆን ይሻላል።

እትዬ ቁጭ ብለው ሲያዩ ቆይተው «አንቺ ልጅ፣ ይሄ ነገር የቀረችኝን ዓይን አይወስድብኝም?» አሉኝ። እንደማይጎዳ ነገርኳቸው። ሻሻቸውን ላላ አድርገን ማሰሪያውን በላዩ አሳለፍነው። ኮኖቹን በደማቅ ቢጫ ቀየርኩላቸው። ክንዳቸውን ሳልነካ ከጎናቸው ሄድኩ። ሦስተኛው ኮን ጋ ቆሙ፣ ትንሽ አሰቡ፣ ዞሩ። መዞሩን አልሳቱትም። ርቀቱን ግን አሳጠሩት፤ እግራቸውን እየጎተቱ ነበር የሚሄዱት፣ እንዳይወድቁ ፈርተው።

ውጤቱን በቁጥር ለማንም አልሰጠሁም። ማነጻጸሪያው የተሠራው እንግሊዝ አገር ባሉ ሰዎች ነው። የዓይን ሞራ ያለበት፣ መነጽር ያልለመደ፣ መውደቅን የሚፈራ ሰው አጭር ቢራመድ አንጎሉ ነው ማለት ድፍረት ነው። ሐኪሟ ግን ያየሁትን በጥሞና ሰማችኝ፣ ካርዱ ላይም ጻፈችው።

ጅሬን ያለውን የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት አብረን ጎበኘን። አስጎብኚው ታሪኩን አጥንቶታል፤ ከ1878 እስከ 1932 እ.ኤ.አ. ጅማን የገዙትን ዳግማዊ አባ ጅፋርን እንደ አያቱ ነው የሚተርካቸው። ለአረጋዊ ደረጃው ስለሚያስቸግር ሰው ይያዝላችሁ። ግቢው ከፍታ ላይ ስለሆነ ከተማዋ ከታች ትታያለች። ለእትዬ አትታይም፤ ጭጋግ ነው ያሉት። «መርካቶ በየት ነው?» አልኳቸው። ጣታቸውን ቀሰሩ። አዌቱ ወንዝስ? ቤታችንስ? አስጎብኚው እያየ ሁሉንም ትክክል ነው አለ። ከተማዋ በጭንቅላታቸው ውስጥ እንዳለች ነው።

ሲ ሂሮ ኩዌስት የሚባል የመንገድ ማግኘት ችሎታን የሚለካ የስልክ ጨዋታ እ.ኤ.አ. በ2016 ወጥቶ ከአራት ሚሊዮን በላይ ሰው ተጫውቶታል። በዚያ መረጃ የተሠራ የ2022 ጥናት ከከተማ ውጭ ያደገ ሰው በአማካይ መንገድ በማግኘት የተሻለ መሆኑን አሳይቷል። ያደግንበት ቦታ ዋጋ አለው ማለት ነው። ግን የተጫወተው ስማርት ስልክ የያዘ ሰው ነው፤ ጨዋታውም በጀልባ ነው። ለእትዬ ጀልባ ምናቸው ነው? ለእሳቸው ፈተናው ከሂርማታ ገበያ ተነስቶ የአዌቱን ድልድይ ተሻግሮ ቤት መድረስ መሆን አለበት። ጅማ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎቹን ማኅበረሰቡ ውስጥ አስገብቶ በማስተማር የታወቀ ነው። ሐኪም አለው፣ የኮምፒውተር ልጆች አሉት፣ ሰፈሩን የሚያውቅ ሽማግሌ ደጁ ላይ አለ። የጅማን መንገዶች በቪአር ሠርቶ፣ በጅማ ጤነኛ አዋቂዎች ማነጻጸሪያ ቢያዘጋጅ የትም ካለው ፈተና ለዚህ አገር ሰው ይበልጣል። መነጽሩን ትቼላቸው ለመምጣት ፈልጌ ነበር፤ የክሊኒካችን ንብረት ስለሆነ አልቻልኩም። አለቃዬን ግን ጠይቄያለሁ።

የእትዬ የቀኝ ዓይን ቀዶ ሕክምና ቀጠሮ ተይዟል። የሚያደርሳቸውም ያ ባጃጅ ሹፌር ነው። ሞራው ከተነሳ በኋላ እንደገና ይፈተናሉ፤ ያን ጊዜ ውጤቱ ስለ አንጎላቸው የሚናገረው ነገር ይኖረዋል።