ራል 9010 ወይስ ራል 9001? ከሁለት ነጮች ጋር አሥር ወር

ቱሉ ዲምቱ በሚገኘው የኮንዶሚኒየም ቤታችን ባለፈው ጥቅምት ሳሎኑን ራል 9010፣ መተላለፊያውንና የልጆቹን ክፍል ደግሞ ራል 9001 አስቀባን። ራል እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1927 ጀርመን ውስጥ የተጀመረ የቀለም መለያ ቁጥር ነው። 9010 «ንጹሕ ነጭ»፣ 9001 «ክሬም ነጭ» ቢባሉም ንጹሕ የተባለውም ስስ ቢጫነት አለው፤ ይህንንም ያስተዋልሁት ነጭ ወረቀት አስጠግቼበት ነው። ሱቅ ውስጥ ካርዱን ያየችው ባለቤቴ «ቁጥሩ ነው እንጂ ቀለሙ አንድ ነው» ብላ ነበር፤ እኔም አልተከራከርሁም።

የውጭ አገር ምክር ወደ ሰሜን የሚያይ ክፍል ፀሐይ ስለማያገኝ ሞቅ ያለ ነጭ ይቀባ ይላል። አዲስ አበባ ግን ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለምትገኝ፣ የቀትር ፀሐይ ከሚያዝያ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ ማገባደጃ በሰሜን፣ በቀረው ጊዜ በደቡብ በኩል ታልፋለች። ስለዚህ ሰሜን የሚያየው የልጆቹ ክፍል ኅዳርና ታኅሣሥን እንደ አጃ ሾርባ ደብዝዞ ከረመ፤ ግንቦት ላይ የጠዋት ፀሐይ ሲገባው ያው ግድግዳ የለጋ ቅቤ መልክ አወጣ።

ማታ ላይ ወሳኙ አምፖሉ ነው። መጀመሪያ የገጠምነው 6500 ኬልቪን፣ ማለትም ብርሃኑ ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ስለነበር 9001 የታመመ ሰው ፊት መስሎ ነበር፤ ወደ ቢጫ በሚያደላው በ3000 ስንተካው ክፍሉ ዳነ። 9010 በሁለቱም ያን ያህል አይለዋወጥም።

በእድፍ በኩል 9010 ይሸነፋል። የሰፈራችን መንገድ አቧራማ በመሆኑ በማብሪያ ማጥፊያው ዙሪያ ያለው የጣት አሻራ ሁሉ ይታያል። ቡና በሚፈላበት ጥግም፣ ከከሰል ምድጃው አንድ ክንድ ያህል ከፍ ብሎ፣ መዳፍ የሚያክል ቢጫ ጥላ ወጣ። በእርጥብ ጨርቅ ሳሸው ጭሱ ለቀቀ፤ ቀለሙ የማያብለጨልጭ ዓይነት ስለሆነ ግን የታሸው ቦታ ብቻውን አብረቅርቆ ቀረ። ለመጠገኛ የተረፈ ቀለም አልነበረም፤ ቀቢው ሳይጠይቀን ውኃ አብዝቶበት ኮርኒሱ ላይ ጨርሶታል። በዚያው ቁጥር አንድ ሊትር አስበጥብጬ ብነካካውም ከአሮጌው ጋር አልገጠመምና ግድግዳውን ከጥግ እስከ ጥግ መድገም ግድ ሆነ።

ዳግመኛ ባስቀባ የልጆቹንም ክፍል 9010 አደርገዋለሁ። 9001 ለመተላለፊያው ይበቃል፤ እዚያ የጫማና የቦርሳ ሰበቃ እምብዛም አይለይበትም።